ስሙ ያለበት ጠረጴዛው ላይ፣ የሌለበት ሳጥን ውስጥ

ሚስተር ዋልተር መሞታቸውን የሰማሁት ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ፣ ሥጋ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ፓርኪንግ ውስጥ ቆሜ ነው። የምሠራበት የአረጋውያን እንክብካቤ ድርጅት አስተባባሪ ደወለችና «ሰኞ ሞንትቤሎ መሄድ አያስፈልግሽም፤ ሰውዬው ቅዳሜ ሆስፒታል ውስጥ አርፈዋል። ሌላ ቤት እንመድብልሻለን» አለችኝ። ቀብሩ መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት። «እሱን እኛ አናውቅም» አለች። ፋይላቸው ላይ ዘመድ የለም ተብሎ ተጽፏል።

የገዛሁትን ሽንኩርት ወደ መኪናው አስገብቼ በሩን ሳልዘጋ ቆምኩ። መኪናው የተስፋይ ነው። ተስፋይ የአስመራ ሰው ነው፤ በልጅነቱ በአማርኛ የተማረ፣ ታክሲ ሲነዳ ያረጀ። እኔ ሃይዌይ ላይ ስለማልነዳ አራት ዓመት ሙሉ ከአውሮራ ወደ ሚስተር ዋልተር ሰፈር ሞንትቤሎ ያመላለሰኝ እሱ ነው።

«ምነው ሙሉነሽ?» አለኝ።

«ሚስተር ዋልተር ሞቱ።»

ሞተሩን አጠፋ። «ሳያገኙ?»

«ሳያገኙ» አልኩት። ያን ቀን እውነት የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

ሚስተር ዋልተር ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ግራ ትከሻቸው ከቀኙ ዝቅ ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት የፖስታ ቦርሳ በዚያ ትከሻ ተሸክመው ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር ውስጥ ፎቅ ለፎቅ ደብዳቤ አድለዋል። እኔ ስደርስባቸው ዕድሜያቸው ሰማንያ አምስት አልፎ ሳንባቸው ደክሟል፤ ቀንና ሌሊት ከኦክስጅን ማሽን ጋር ታስረው ነው የሚውሉት። ማሽኑ ሳሎን ይቀመጣል፤ ከአፍንጫቸው የሚወጣው ረጅም ቱቦ ወጥ ቤት ሲሄዱ፣ መኝታ ቤት ሲሄዱ ከኋላቸው ይጎተታል። እንዲያም ሆኖ አረማመዳቸው ፈጣን ነበር። በር ላይ ሲደርሱ ደብዳቤ ሊያስገቡ ይመስል እጃቸው ወደ ወገባቸው ይሄዳል።

የመጀመሪያ ቀን ከተቀመጡበት ሳይነሱ «ስሜን ማንበብ ትችያለሽ?» አሉኝ። ወረቀቱ ላይ ዋልተር ባልክትሬተር ይላል። እንደምንም አነበብኩት።

«ከመጡት ሁሉ የተሻልሽ ነሽ» አሉ። «እዚህ ቤት የመጡት ሁሉ ግማሹን ይውጡታል። አንቺስ ማን ነሽ?»

«ሙሉነሽ ተክሉ።»

«እንግዲያው ደህና መጣሽ ሚስ ተክሉ።»

ተክሉ አባቴ ነው። ከሞተ አርባ ዓመት ያለፈውን ሰውዬ ጠርተው እኔን ቡና ሲያዙኝ ሳቄ መጣ። እኔ ደግሞ ሚስተር ዋልተር ስላቸው ፊታቸውን ያጠቁራሉ። «ሚስተር የሚባለው በቤተሰብ ስም ነው፤ ሚስተር ዋልተር የሚል የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ብቻ ነው» ይሉኛል። ብዙ ሞከርኩ፤ አፌ እምቢ አለኝ። እኛ ዘንድ አቶ የሚባለው በራሱ ስም ነው። በመጨረሻ እሳቸው አባቴን እየጠሩ፣ እኔ እንደ ሕፃን ልጅ እየጠራኋቸው ተስማማን።

ያ ስም በዓለም ላይ የነበራቸው ነገር ሁሉ ነበር። ሚስታቸው ሞታለች። አንድ ወንድ ልጃቸው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሞቷል፤ ስለ እሱ በአራት ዓመት ውስጥ የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱንም መስኮቱን እያዩ። ወንድም አልነበራቸውም። ስሙን የሚሸከም ሌላ ሰው በዓለም ላይ አለ ወይስ የለም፣ ይህን ሳያውቁ መሞት አልፈለጉም። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ሥራቸው እሱ ብቻ ነበር።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሁለት ካርታ ተለጥፏል፤ አንዱ የጀርመን፣ አንዱ የኮሎራዶ። በላያቸው ስፒል ተሰክቷል። ራሱ ጥቁር የሆነው ስፒል የሞተ ሰው ነው፤ ራሱ ቀይ የሆነው ሊኖር ይችላል ተብሎ የሚታሰብ ሰው ነው። ከአሮጌ የስልክ ማውጫና ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ ለቅመው ያገኟቸው ናቸው። የጀርመኑ ካርታ ሌላው ቦታው ሁሉ ባዶ ሆኖ መሃል አገር አንድ ወንዝ ዳር፣ ሁለት መንደር ላይ ብቻ ስፒሉ ተጠቅጥቋል።

«ለምን እዚህ ብቻ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ጥያቄው ደስ አላቸው። ድሮ፣ ኤሌክትሪክ ሳይመጣ፣ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ነፋስ የሚያገኘው ከኋላው ከተሠራ ትልቅ ወናፍ ነው አሉኝ። ወናፉን በእግሩ እየረገጠ የሚያስተነፍስ አንድ ሰው ይቀጠራል። ባልክትሬተር ማለት ያ ሰው ነው፤ ወናፍ ረጋጭ። «ወፍጮ በየመንደሩ አለ፤ ስለዚህ በባለወፍጮ ስም የሚጠራ ሰው ጀርመን ውስጥ ሞልቷል። ትልቅ ኦርጋን ግን ያለው ጥቂት ቦታ ነው። ረጋጩም ድሃ ነው፤ ስሙን ማን ይጽፍለታል? በዚያ ሸለቆ ብቻ አንድ ቄስ ጻፈለት። ከእሱ ነው ሁላችንም የወጣነው።» ትንፋሽ አጠራቸውና ቆዩ። «ሕዝቡ ኦርጋን የሚመታውን ያያል፤ የሚረግጠውን ማንም አያየውም። እሱ ካቆመ ግን መዝሙሩ ይቆማል።»

ከዚያ ከሶፋው ሥር አንድ ሳንቃ አስወጡኝ። የወናፍ መርገጫ ነው። አያታቸው ሰሜን ኮሎራዶ ለስኳር ቀይ ሥር እርሻ ሥራ ሲመጡ ከአገራቸው ይዘውት የመጡት ነው፤ ለምን ልብስ ትተው እንጨት እንደያዙ ማንም አያውቅም። መሃሉ በእግር ብዛት ተበልቶ እንደ ድስት ጎድጉዷል። ሚስተር ዋልተር ማታ ማታ ዜና ሲሰሙ ባዶ እግራቸውን እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ያሳርፋሉ። ልካቸው ነበር።

«ይህ የሚሰጠው ስሙ ላለው ሰው ነው» ይሉ ነበር።

ያኔ ምንም አልመለስኩላቸውም። ለምን እንዳልመለስኩ በኋላ እመጣበታለሁ።

አንድ ቀን መድኃኒታቸውን እየሰጠሁ የአያታቸውን ስም ጠየቅኩ። «ባልክትሬተር» አሉ።

«እሱማ የሁላችሁም ነው። የራሳቸው ስም?»

«ፍሪድሪክ።»

«የእሳቸው አባትስ?»

ሃያ ዓመት ስሙን ሲፈልጉ የኖሩ ሰው የቅድመ አያታቸውን ስም አያውቁም። እኔ በልጅነቴ ሰባት ቤት ካልቆጠርኩ እራት አይቀርብልኝም ነበር አልኳቸው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ዘመዳችንን የምናውቀው በመቁጠር ነው፤ ሁለት ሰው ሲቆጥር ቆይቶ አንድ ስም ላይ ከተገናኘ ዘመድ ነው። ያን ዕለት ወረቀት አስመጥተው ለመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አስጻፉኝ። ከሦስት ወር በኋላ መልሱ መጣ፤ ዮሐንስ።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩን እንደኛ አስጠናኋቸው። ዋልተር፣ ኦቶ፣ ፍሪድሪክ፣ ዮሐንስ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ እኔ ማሽኑን ሳስተካክል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሉታል። በአንድ ትንፋሽ አራቱንም ከጨረሱ «ዛሬ ደህና ነኝ» ይላሉ። ፍሪድሪክ ላይ ሲቀሩ ለነርስ እደውላለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ዓይናቸው ጠፋ። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ፊደል አያዩም። ደብዳቤ መቀበሉ የእኔ ሥራ ሆነ። ለየማዘጋጃ ቤቱና ለየቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ብዙ ጽፈው ስለነበር መልሱ ይመጣል፤ መልሱ ሁሉ ግን አንድ ነው፤ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው የለም፣ ሞቷል፣ ሄዷል። እየሰሙ ደከሙ።

አንድ ጠዋት «ሚስ ተክሉ፣ እምቢታ ከእንግዲህ አታንብቢልኝ፤ የሰማሁት ይበቃኛል» አሉኝ። «ፖስታው ጀርባ ላይ የላኪው ስም ይጻፋል። ባልክትሬተር የሚል ካለ ጠረጴዛው ላይ አድርጊና ጥሪኝ። ስሙ የሌለበትን ሳትከፍቺ ሳጥን ውስጥ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ፖስታ ላይ የተጻፈ ስም አይዋሽም።»

እንዳሉኝ አደረግኩ። ሳጥኑ የጫማ ሳጥን ነበር። ሲሞላ ጣይው ይሉኛል፤ የሰው ስም የተጻፈበት ወረቀት መጣል ስለማይሆንልኝ ወደ ቤቴ ወስጄ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

ተስፋይ ጠዋት ጠዋት መኪና ውስጥ ስገባ ያሾፍ ነበር። «እሺ፣ ጀርመኖቹ ተገኙ?»

«አልተገኙም።»

«እኛ ጠፍተን የሚፈልገን አጣን፤ አንቺ ጀርመን ትፈልጊያለሽ።»

«ዝም ብለህ ንዳ።»

«እኛ ብንሆን አንድ ለቅሶ ቤት ገብተን እንቀመጥና ሻይ ሳይቀዳ ሦስት ዘመድ እናገኛለን። ንገሪያቸው፤ ለቅሶ ይድረሱ።»

ነገርኳቸው። ሳቁ፣ ሳሉ፣ ከዚያ «የሚለቀስለት ሰው ከየት ይምጣ?» አሉ።

የመጨረሻው ክረምት ከበደ። በረዶው በጣለ ቁጥር ሐኪሙ የማሽኑን ቁጥር ከፍ ያደርጋል። በየጠዋቱ ኮቴን ሳላወልቅ «ፖስታ?» ይሉኛል። «ስሙ ያለበት የለም» እላለሁ። አንድ ቀን ካርታው ሥር ወንበር አስጠግተው በዳበሳ ስፒል ሲነቅሉ ደረስኩ። ጣታቸው ደምቷል።

«አንቺ ንቀይልኝ» አሉ። «ቀዩን ሁሉ። መልስ ያልመጣለት የለም ማለት ነው።»

«ይቆዩ፣ ምናልባት—»

«ሚስ ተክሉ። ንቀይ።»

አንድ በአንድ ነቀልኩ። ስፒሉ ወደያዝኩት ቆርቆሮ ሲወድቅ ድምፁን ይቆጥራሉ። ስጨርስ «ስንት ቀረ?» አሉ።

«አንድ።»

«የት?»

«እዚህ። ሞንትቤሎ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። ምሳ አልበሉም። ሰው እንደዚያ ሲቀመጥ ከዚያ በፊት ያየሁት ስደት ላይ፣ ወደ ውጭ ከሚላኩት ዝርዝር ውስጥ ስማቸው ያልተጠራ ሰዎች ዘንድ ነው።

እኔም ለልጄ እንኳ ነግሬያት የማላውቀውን ነገርኳቸው። የእናቴ አባት ቀጥቃጭ ነበር። ወናፍ ሲነፋ ኖሮ ወናፉ አጠገብ ሞተ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ይናቃል፤ ዓይኑ ይፈራል፤ ከእሱ ጋር የሚጋባ የለም። እናቴ ስትቆጥር አባቷን ትዘልለው ነበር። መጀመሪያ ስለ ወናፍ በኩራት ሲነግሩኝ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። «ስሙ ማን ነበር?»

«ወልዱ።»

«ወልዱ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ «እንግዲያው ሳንቃውን አንቺ ውሰጂው። ስሙ ያለው ሰው እስኪመጣ አንቺ ጋ ይቆይ። ካልመጣም አንቺ ጋ ይቅር» አሉ።

«አይቻልም ሚስተር ዋልተር። ከደንበኛ ዕቃ መቀበል በድርጅታችን ክልክል ነው።»

«እንጨት ነው እኮ።»

«እንጨትም ቢሆን።»

ደግመው አልጠየቁም። ከአሥር ቀን በኋላ በአምቡላንስ ተወሰዱ። ሆስፒታል ሄጄ የአልጋ ክፍላቸውን ስጠይቅ «ቤተሰብ ነሽ?» አሉኝ። አይደለሁም አልኩ። እውነቱን ነው የተናገርኩት፤ ተመለስኩ።

በሞቱ በሦስተኛው ቀን ከተስፋይ ጋር ወደ ቤታቸው ሄድን። ዳቦና አንድ ካርቶን ውሃ ይዘናል። የምንገባበት ለቅሶ እንደሌለ እያወቅን ባዶ እጃችንን መሄድ አልቻልንም። በሩ ተቆልፏል። ተስፋይ ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀመጠ፤ እኔም ተቀመጥኩ። ከዚያ ዳቦውን ይዘን ተመለስን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደግሜ ስሄድ በሩ ተከፍቶ አንድ ሰው ግድግዳ ቀለም ይቀባል። ስለ ዕቃውና ስለ ሳንቃው ጠየቅኩት። «ትናንት መኪና መጥቶ ሁሉንም ጭኖ ጣለው» አለኝ። ካርታው የነበረበት ግድግዳ ነጭ ሆኗል፤ የስፒሉ ቀዳዳ እንኳ ተደፍኗል።

ከስምንት ወር በኋላ ወደ ትንሽ አፓርትመንት ልዛወር ቁም ሣጥኔን ሳጸዳ ሳጥኖቹ ወጡ። አሁን ልጥላቸው ቆርጬ፣ አድራሻው እንዳይታይ ፖስታዎቹን እቀድ ጀመር። ሁሉም በማሽን የተጻፉ ናቸው። አንዱ ግን በሰማያዊ ቀለም፣ በእጅ የተጻፈ ነው። ላኪዋ ሄልጋ የምትባል ሴት ናት፤ ከሄልጋ ቀጥሎ ያለው ስም ባልክትሬተር አይደለም። ወፍ ያለበትን ቴምብሩን አስታወስኩት። በእጄ ተቀብዬ፣ ገልብጬ አይቼ፣ ሳጥን ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። የቢሮ ደብዳቤ በእጅ እንደማይጻፍ ያን ጊዜ አላሰብኩም።

ልጄ ሳራ ዕቃ ልታግዘኝ መጥታ ነበር። ስልኳን ደብዳቤው ላይ አድርጋ ጀርመንኛውን አስተረጎመችው።

«ማሚ፣ ዌይት» አለች። «ይሄ እምቢታ አይደለም።»

«አንብቢው።»

«‹የመንደራችን ቄስ ደብዳቤዎን ሰጡኝ። ባሌን ሳላገባ በፊት ስሜ ሄልጋ ባልክትሬተር ነበር። አባቴ ኤርንስት ነው፣ የእሱ አባት ካርል፣ የካርል አባት ዮሐንስ። ካርል አሜሪካ የሄደ ወንድም ነበረው፤ ፍሪድሪክ ይባላል።›» ሳራ ቀና አለች። «ማሚ? አር ዩ ኦኬ?»

መቁጠር አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን ቆጠርኩ። ዋልተር፣ ኦቶ፣ ፍሪድሪክ፣ ዮሐንስ። ሄልጋ፣ ኤርንስት፣ ካርል፣ ዮሐንስ። ዮሐንስ ላይ ተገናኙ።

«ቀኑ ስንት ነው?» አልኳት። ነገረችኝ። የፖስታውን ጉዞ ጨምሬ ስቆጥር፣ ደብዳቤው የደረሰው ስፒሉን ከመንቀሌ አንድ ሳምንት ያህል በፊት ነው።

እኛ ሴቶች ስናገባ ስማችን አይለወጥም፤ ተወልደን የተጠራንበትን ይዘን እንቀበራለን። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት አሜሪካ ኖሬ የፈረንጅ ሴት በባሏ ስም እንደምትጠራ አላውቅም ማለት አልችልም። የሚስተር ዋልተር ሚስት ራሷ በእሳቸው ስም ነው የተቀበረችው። አውቃለሁ። እጄ ግን አላወቀም። እሳቸውም፣ ለስንት ሺህ ሴት ደብዳቤ ያደሉት ሰውዬ፣ ያን ትእዛዝ ሲሰጡኝ አላሰቡትም። ወንድ ልጅ ብቻ ነው ሲፈልጉ የኖሩት መሰለኝ።

«የቀረውን አንብቢ» አልኩ።

«‹ኦርጋናችን አሁን በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፤ አሮጌው ወናፍ ግን ከኋላው አለ። ሁለት መርገጫ ነበረው። አንዱ የለም። አባቴ፣ ፍሪድሪክ ነው የወሰደው ይል ነበር፤ ወንድሙ ሌላ ረጋጭ አጠገቡ እንዳያቆም። መልስዎን እጠብቃለሁ።›»

በሚቀጥለው እሑድ በሳራ እጅ መልስ ጻፍኩ። መሞታቸውን ነገርኳት። ደብዳቤዋ እሳቸው በሕይወት ሳሉ መድረሱን፣ ሳጥን ውስጥ የከተትኩት እኔ መሆኔንም ነገርኳት፤ ሳራ ይሄን ተይው ብላኝ ነበር፣ አልተውኩትም። ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ጻፍኩ፤ ትከሻቸውን፣ አረማመዳቸውን፣ አራቱን ስም በአንድ ትንፋሽ መቁጠራቸውን። ማታ ማታ እግራቸውን ሳንቃው ላይ እንደሚያሳርፉም ጻፍኩ። ይህን ስጽፍ የሚመጣውን አላሰብኩም።

መልሷ ባለፈው ወር መጣ። አሁንም በሰማያዊ ቀለም ነው፤ አጭር ነው። ስለ ሳጥኑ አንድ ቃል አላነሳችም። ጉልበቷ ቢያማትም የኦርጋኑን ደረጃ ወጥታ ቦታውን እንዳየችው ጻፈች። ክፍተቱ እንዳለ ነው፤ በክንዷ ለክታዋለች። ቄሱ አናጺ እጠራለሁ ብለዋል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ ሳንቃው አሁን ያለው የት ነው ትላለች።

ተስፋይ በየጠዋቱ «መለስሽላት?» ይለኛል። አሁን አያሾፍም።

አልመለስኩላትም። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ነው።